የነጠፈችው አሥራ ሁለት

የላሞች ምርምሬን ለእንስሳት ሕክምና መጽሔት ለመላክ አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ቀርቶኝ ነበር። አማካሪዬ ፕሮፌሰሩ ግን የማይለቋት ደንብ አለቻቸው፦ «ቁጥሮቹን መጀመሪያ ላሞቹን ላለበው ሰው አንብብ!» እያጉረመረምኩ በረት ወረድኩ።

አላቢዋ እትዬ ባልዲያቸውን አስቀምጠው ያዳምጡኝ ጀመር። «ላም ቁጥር አሥራ ሁለት፣ መድኃኒቱን በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት፣ በቀን ዘጠኝ ሊትር» ስል ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ዶክተርዬ፣ እሷ እኮ ያኔ ነጥፋ ነበር! ከየት አልበህ አመጣህላት?»

ደሜ ፈላ። የበረቱን ደብተር ገልጬ ሳይ ግን እውነታቸውን ነው። ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ የአሥራ ሁለትን መስመር በመዝለሌ፣ ከእሷ ጀምሮ ያሉት ላሞች ሁሉ የጎረቤታቸውን ወተት ወስደዋል። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

ሳምንት ሙሉ ሳርም ከርሜ፣ ከመላኬ በፊት ተመልሼ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ከስንቱ ውርደት አዳኑኝ! በጽሑፉ የምስጋና ገጽ ላይ ስምዎን ከፕሮፌሰሩ በላይ ጽፌዋለሁ።»

ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረግ አደረጉና፣ «አሥራ ሁለትንስ ጻፍካት?» አሉኝ። «እሷ ባትነጥፍ እኔስ በምን አውቅ ነበር?»

ተመልሼ ጻፍኳት። ከዚያ ቁልፏን ተጫንኩ።