ይበቅላል

አቶ ሸረፋ ቀለም የነካ አውራ ጣታቸውን ከቀዶ ሕክምናው የስምምነት ቅጽ ላይ መልሰው ጨበጡት።

"አልፈርምም። ልጄ ትምጣና ትንገራችሁ።"

ሰልሚያ የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜዋን ለባልደረባዋ ትታ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት እየሮጠች ስትደርስ፣ ነርሷ ሽፋ የሆስፒታሉ ክፍል በር ላይ ጠበቀቻት።

"ስኳሩ ሁለት የእግር ጣቶቻቸውን አጥቁሯቸዋል። ዛሬ ካልተቆረጡ ነገ የምናወራው ስለ ቁርጭምጭሚት ነው። እሳቸው ግን 'ተዉት፣ ይበቅላል' ይላሉ። አንቺ ነሽ አሉ የነገርሻቸው።"

የሰልሚያ ፊት ጋለ። ነግራቸው ነበር። ባለፈው ረመዳን አገና ወዳለው ቤታቸው ሄዳ ቁስሉን ስታጥብላቸው፣ እግሩ ሲቆረጥ መልሶ የሚያበቅል የውሃ እንስሳ እንዳለ አወራቻቸው። ተመራማሪዎች ይህን የሚያዘውን ዘረመል እያጠኑ እንደሆነ፣ አንድ ቀን የሰውንም ዘረመል ለውጦ የተጎዳ አካሉን እንዲተካ ማድረግ ይቻል ይሆናል አለቻቸው። "ይሆናል" ስትል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንደነበር አሁን ትዝ አላት።

ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"መጣሽ! እስቲ ንገሪያቸው፤ እነዚህ ልጆች እንሰት ተክለው አያውቁም። አናቱን ቆርጬ፣ ልቡን ፈልፍዬ፣ ፍግ ሞልቼ ብቀብረው ከአንድ አምቾ፣ ከአንድ ሥር ብቻ፣ ስንት ችግኝ ይወጣል?"

"ሃምሳም፣ ከዚያም በላይ ይወጣል፣ አባዬ።"

"እኔስ ከእንሰት አንሳለሁ?"

ሽፋ ሳቋን መዋጥ አቃታት። "አባባ፣ እርስዎንማ ፍግ ውስጥ አንቀብርዎትም።"

"አንቺ መርፌሽን ያዢ!"

ሰልሚያ እጃቸውን ያዘች። የመዳፋቸው ቆዳ እንደ ቅርፊት ሻካራ ነበር።

"አባዬ፣ ያልኩህ እውነት ነው፤ ግን ግማሹን ነው የነገርኩህ። ነገሩ ገና በእንስሳት ላይ የሚሞከር ነው። ለሰው ቢደርስ እንኳ ለልጅ ልጆቼ ነው። ላንተ አይደርስም።"

"አይደርስም?"

"አይደርስም።"

አቶ ሸረፋ በፋሻ የተጠቀለለውን እግራቸውን ብዙ አዩት።

"ታዲያ ለምን አወራሽኝ?"

"ስታዝን ማየት አቃተኝ።"

"እኔ እኮ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼዋለሁ። ጎረቤታችን ሙባሪክ ለሚያመው ጉልበቱ ተራ ይዟል።" ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ሰልሚያ ግንባሯን ትከሻቸው ላይ አሳረፈች። አልገፏትም።

ሽፋ ቀለሙን ስታቀርብ አውራ ጣታቸውን ነክረው ቅጹ ላይ አሳረፉ።

"የቤተሰብ ፊርማም አለ" አለች ሽፋ። "ታላቁ ልጅዎ ከቡታጅራ እየመጣ ነው ብለውኝ ነበር። እንጠብቀው?"

"ጀማሉን ተይው። እሱ 'ምንም አትሆንም' ብቻ ነው የሚያውቀው።" ወረቀቱን ወደ ሰልሚያ ገፉት። "አንቺ ፈርሚ። ስነቃም ምን ያህሉን እንደቆረጡት የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ።"