አልፋውና ዳትሰኑ

ቅዳሜ ግንቦት 3 ቀን 2016፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሙጂባ ቀዩን አልፋ ሮሜዮ እየነዳች ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወጣች። ወንድሟ ከማሉዲን በነጩ ዳትሰን ይከተላታል። የመለዋወጫ ሱቋ ያለበት ሰመራ ከተማ ከመድረሷ በፊት ከሁለቱ መኪኖች አንዱን መምረጥ አለባት።

አባታቸው አብዱልሰመድ ዕድሜ ልኩን የጅቡቲን ከባድ መኪኖች ሲጠግን ኖሮ ለራሱ ያስቀረው እነዚህን ሁለት ያረጁ የስፖርት መኪኖች ነበር። ሊሞት ሲልም፣ "አንድ አንድ ይድረሳቸው፤ ሙጂባ ቀድማ ትምረጥ" አለ።

አልፋው መሪውን ገና ነካ ሲያደርጉት ይታዘዛል፤ ድምፁም ልብ ያሞቃል። አባቷ አንዲት ብሎን እንኳ ሳይለውጥበት፣ ማለዳ ማለዳ ብቻ ያወጣው ነበር። ዳትሰኑ ግን የዘወትር መኪናው ነው። የቆላውን ሙቀት እንዲችል የአይሱዙ ራዲያተር ገጠመበት፤ አልገባ ሲለው ኮፈኑን ቀደደው። ሙጂባ መንዳት የተማረችው በዚሁ ነው፤ ልቧም ያለው እሱ ጋ ነው።

ፀሐይዋ ስትበረታ የአልፋው የሙቀት መለኪያ ሽቅብ ወጣ። ግራር ጥላ ሥር አቆመች። ከማሉዲን ከዳትሰኑ ዘሎ ወረደ።

"አየሽ? ሰመራ ወስደሽ ልትቀቅይው ነው? ዳትሰኑን ያዢና ተገላገይ!"

"አልፋውንስ ምን ታደርገዋለህ?"

"ደላላ ደውሎልኛል። አንድ የአዲስ አበባ ሰው ገዝቶ ጓሮው ሊያቆመው ይፈልጋል።"

"ዳትሰኑ ቢደርስህስ?"

ከማሉዲን ሳቀ። "የአይሱዙ ሆድ የተሰፋለትን ማን ይገዛኛል? እኔው ነኛ የምነዳው!"

ሙጂባ የተቀደደውን ኮፈን ዳበሰችው። ከሁለቱ አንዱ ከቤት ከወጣ፣ አባቷ ሁለተኛ የሞተ ያህል ነው።

"እንግዲያው አልፋውን ወስጃለሁ።"

"ሙጂ! ሰመራ እኮ ነው! እሳት ውስጥ!"

"በማለዳ እነዳዋለሁ። አንተ ግን ዘይቱን በጊዜ ቀይር። ሁለተኛ ማርሽ ጠዋት ጠዋት ያስቸግራል፤ አታስገድደው።"

አፍጥጦ አያት። ነገሩ ቀስ ብሎ ገባው። "ወላሂ ተንኮለኛ ነሽ! ቁርጥ አባባን!"

"አንተስ የማን ልጅ ነህ? በል ወደ ቤትህ።"

ሙቀቱ እስኪበርድላት እዚያው ዋለች፤ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ወደ ሰመራ ቀጠለች። ከማሉዲን በዳትሰኑ አዋሽ ገባ። ሁለቱም መኪኖች እስካሁን አልተሸጡም።