የሰርቪስ ጎረቤት

ከአዳማ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሠራተኛ የሚያመላልሰው ሰርቪስ ውስጥ ወንበር ሁሉ ባለቤት አለው። ማንም በደብዳቤ አልደለደለውም፤ ግን የሰው ቦታ ላይ የተቀመጠ፣ ሳያንኳኳ ቤት እንደገባ ይታያል። ሱሃይላ ሥራ የጀመረች ዕለት ክፍት የነበረው ከኑዕማን አጠገብ ያለው ብቻ ስለነበር፣ በቃ፣ ዕጣዋ እሱ ሆነ።

መጀመሪያ ሲያስጠላት ለጉድ ነበር። በጠዋቱ የሚያልፈውን ከባድ መኪና ሁሉ ሰሌዳ ድምፁን አውጥቶ ያነባል። በአራተኛው ወር አብራው ስታነብ ራሷን ያዘች። በሰባተኛው ወር ሽማግሌ ልኮ፣ መልሱ ለዓርብ ተቀጠረ።

«እማ፣ ወድጄው ነው ወይስ ለምጄው?» አለች እናቷን።

«እኔ አባትሽን ከኒካው በፊት ያየሁት ሁለቴ ነው» አሉ ወይዘሮ ዙለይካ። «አንቺ ሰባት ወር አይተሽው ገና ምን ቀረሽ?»

ሱሃይላ ግን ነገር ካላጣራች እንቅልፍ የማይወስዳት ሰው ናት። ሙሉዬ የምትባል ባልደረባቸው የዓመት ፈቃድ ወጥታ ስለነበር፣ ልማድ መሆን አለመሆኑን ልትፈትን ሰኞ ዕለት በእሷ ቦታ ከኋላ፣ ከመጋዘኑ ሠራተኛ ከአቶ ብዙነህ ጎን ተቀመጠች። አቶ ብዙነህ ጡረታ ሊወጡ ወራት የቀራቸው፣ ከተማው ሳያልቅ ማንኮራፋት የሚጀምሩ ሰው ናቸው። ሰኞ ተናደደች። ማክሰኞ ሳቀች። ሐሙስ አቶ ብዙነህ ቀሩ።

«ምን ሆነው ነው? አሟቸው ይሆን?» ብላ ሹፌሩን ጠየቀች።

«ደራ ለቅሶ ሄደው ነው።»

ሰላም ቢሆኑም ቅር አላት። ማንኮራፋታቸው ናፈቃት! በሦስት ቀን! ያኔ እውነተኛ ፍርሃት ያዛት። የሽማግሌ ማንኮራፋት በሦስት ቀን እንዲህ ካደረጋት፣ የሰባት ወሩ ነገር ምኑ ፍቅር ነው?

ተነሥታ ወደ ኑዕማን ሄደች።

«እውነቱን ንገረኝ። ሥራ የጀመርኩ ዕለት እዚህ ሌላ ሴት ብትቀመጥ ኖሮ፣ ሽማግሌ የምትልከው ለእሷ ነበር?»

«ወላሂ ካንቺ ሌላ አላይም» እንዲላት ጠብቃ ነበር። መልሷ ነገ መሆኑን እያወቀ ይህን ማለት ምን ይሳነዋል? ኑዕማን ግን ብዙ አሰበ።

«ሊሆን ይችላል» አለ ፊቱ ቀልቶ። «ከሰኞ ጀምሮ ይኸንኑ ሳስብ ነው የከረምኩት። የተቀመጥሽው ግን አንቺ ነሽ፤ አሁን ሌላ ሰው ሲቀመጥ ይከፋኛል።»

ሱሃይላ ለአፍታ አመማት። ቀጥሎ ቀና ብላ አየችው። ሊያጣት እየቻለ ያልዋሸ ሰው ነው፤ ይህን ኑዕማን ደግሞ ገና አልለመደችውም። ልቧ ግን ሳይለምደውም ወደደው።

ስልኳን አወጣች። «እማ፣ ነገን አትጠብቂ። እሺ ብላለች በያቸው።»