የድንበሩ ክምር

ባሌ ሙሀመድሰይድ የላይኛው ቀበሌ ሊቀ መንበር ሲሆን ድምፅ ማጉያ ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ውሃ ስጡኝ ሲል እንኳ ጎረቤት ይሰማው ነበር።

የታችኛው ቀበሌ ሊቀ መንበር ደግሞ በድረዲን ነው፤ ቆቦ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ዝምተኛና እልኸኛ ሰው። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም። ልጁ ታሂር የኔን ልጅ ዚነትን ሊያገባ አጭቷት ስለነበር ሰውየውን ማወቅ ግድ ሆኖብኝ ነው። ሠርጉ ግንቦት ማለቂያ ላይ ለእሑድ ተቆርጦ፣ ሰንጋው ተገዝቶ፣ እህሉ ሁሉ ተፈጭቶ አልቋል።

ሁለቱን ቀበሌዎች አቋርጦ የሚያልፍ አንድ ወንዝ አለ። ወንዝ እንበለው እንጂ ውሃ የሚያየው ከተራራው ጎርፍ ሲወርድ ነው፤ በቀረው ጊዜ የከተማው መጣያ ነው። የጫት ገረባ፣ የማሽላ አገዳ፣ ያለቀ በረባሶ፣ የዘይት ጣሳ፣ ምን የሌለ አለ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ያን ሁሉ ተሸክሞ ቤታችን ይገባል። በዚያ ግንቦት ታዲያ ከአውራጃው መመሪያ መጣ፤ ወንዙ በፈቃደኞች ይጸዳ፣ የበለጠው ቀበሌም ቀይ ባንዲራ ይሸለም ተባለ። ያን ጊዜ ፈቃደኛ ማለት ሁላችንም ነን። የውዴታ ግዴታ ነው፤ የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር እንዳማረው ይቀራል።

እውነቱን ለመናገር ግን ሥራው ደስ ይል ነበር። እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ወጣ። ጎረቤቴ ከፈለች ዘፈን ታወጣለች፣ እኛ እንቀበላለን። ከጎጃም ተመድቦ የመጣውን መምህር አላምረውን ከአካፋው ጋር ሲታገል እያየን ስንስቅበት እንውላለን። ችግሩ የጠረግነው የት እንደሚደርስ ማንም አላሰበም። ባሌ ወደ ታች ግፉት አለ፤ ገፋን። ወደ ታች ማለት ወደ በድረዲን ቀበሌ ነው። በድረዲንም ድንበሩ ላይ፣ ገበሬ ጎርፍ እንደሚጠልፈው አድርጎ የእሾህ አጥር አሳጠረና የራሱን ቆሻሻ ጨምሮ መለሰልን። በማግሥቱ እኛ ደግሞ ገፋን። አልሸሹም ዞር አሉ ነው ነገሩ። ወንዙ ከላይም ከታችም ጸዳ፤ ድንበሩ ላይ ግን ከሰው ቁመት የሚበልጥ ክምር ቆመ።

በድረዲን ከላይ የመጣ ነው አለ። ባሌ የተቀመጠው ታች ነው አለ። ሐሙስ ማታ በድረዲን ሰው ልኮ፣ ያ ክምር ሳይነሣ ለኒካህ እግሩን እንደማያነሣ አስታወቀ። ባሌ አንዲት ገረባ ባነሣ ብሎ ማለ። ሽማግሌ ላክን። ሽማግሎቹ እኩል ተካፍላችሁ አንሡ ብለው ፈረዱ፤ ሁለቱ ደግሞ የክምሩ መካከል የቱ ጋ ነው በሚለው ተጣሉ። እኔ ሁለቱንም በጥፊ ማለት አምሮኝ ነበር።

ዚነት እንሶስላ ሙቃ፣ እጅና እግሯ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጓዳ ተቀምጣለች። በኛ አገር እንሶስላ የሞቀች ሙሽራ ሥራ አትነካም፤ ውሃ እንኳ ሌላ ሰው ነው የሚያጠጣት። ሙሽራ ሥራ ካስነኩ ያ ቤት ተዋረደ ማለት ነው። የምንባባለውን ሁሉ ትሰማለች። ታሂርን ትወደዋለች፤ ለቅሶዋ አንጀቴን በላው።

ቅዳሜ የአውራጃው ሰዎች ሊያዩ የሚመጡበት ቀን ነው። ጠዋት ጓዳ ብገባ ዚነት የለችም። ወዲያው ከፈለች እያለከለከች ገባች።

«ሀሊሜ፣ ድረሽ። ሙሽራሽ ወንዝ ወርዳለች።»

ሮጥኩ። ልጄ ጨርቁን ፈታ ጥላ፣ እንሶስላው ገና ደማቅ በሆነ እጇ ከክምሩ ገረባና ጣሳ እየዛቀች ጆንያ ትሞላለች። የሞላውን ተሸክማ ዳገቱን ትወጣና ለቤት ምርጊት አፈር ሲወሰድበት የኖረ ጉድጓድ ውስጥ ትደፋዋለች። ደግሞ ትመለሳለች። የሁለቱም ቀበሌ ሕዝብ ግራና ቀኝ ቆሞ ያያል።

ባሌ ደረሰና ውጪ አላት።

«ክምሩ ሲያልቅ እወጣለሁ፣ አባዬ» አለች ቀና ሳትል።

በወዲያኛው በኩል በድረዲን መጣ፤ ሲያያት ፊቱ ጠቆረ። እንሶስላ የሞቀች ሙሽራ በግማሽ የባሏ ቤት ሰው ናትና ውርደቱ ለሁለቱም እኩል ደረሰ። ሽማግሎች ሊያካፍሉ ያልቻሉትን እሷ አካፈለቻቸው።

«ሙሀመድሰይድ፣ ልጄን ከቆሻሻ ውስጥ አውጣልኝ» አለ በድረዲን።

«ልጅህ ከሆነች አንተስ ምን ቆመህ ታያለህ?» አለው ባሌ።

በድረዲን ኮቱን አውልቆ እሾሁን በእግሩ ገፋና ወረደ። ባሌም ወረደ። ሊቃነ መናብርቱ ከወረዱ በኋላማ ማን ይቀራል? ያን ቀን ማንም ስም አልጠራም፣ ማንም አላስገደደም፤ ግን ሕፃን ያዘለች ሴት ሳትቀር ገባች። ታሂር እንኳ ሚዜዎቹን ይዞ መጣ። ከኒካህ በፊት ሙሽራን ማየት ነውር ስለሆነ ጀርባውን ለዚነት ሰጥቶ ጆንያ ወደ ኋላ ይቀበል ነበር። ከፈለች በዚያው ዘፈን አወጣችበት፤ ጆሮው ቀላ።

የአውራጃው ሰዎች ሲደርሱ ክምሩ የለም። ይህን ቦታ ያጸዳው የትኛው ቀበሌ ነው ብለው ቢጠይቁ፣ ሁላችንም ጭቃ በጭቃ ስለነበርን ማን የማን እንደሆነ መለየት አቃታቸው። ባንዲራውን ለሌላ ቀበሌ ሰጥተው ሄዱ። አንድም ሰው አልከፋውም።

ባሌ ውሃ የሞላ ጀሪካን አንሥቶ ወደ ዚነት መጣ። በቤታችን እጅ የሚያስታጥበው ልጅ ነው፤ እሱ ለሰው ውሃ ሲያፈስ እኔ ቤቱ ከገባሁ ጀምሮ አይቼ አላውቅም።

«እጅሽን አምጪ» አላት።

ቀስ አድርጎ አፈሰሰላት። በድረዲን ሳሙናውን ይዞ አጠገባቸው ቆመ። ከሁለቱ ይቅር በይኝ ያላት የለም፤ እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ቆሻሻው ታጥቦ ሲወርድ እንሶስላው እንደቀላ ከሥሩ ብቅ አለ።

«ነገ ኒካሁን ከዙሁር ሶላት በፊት እንሰር» አለ ባሌ።

«ኢንሻአላህ፣ ከዙሁር በፊት» አለ በድረዲን።

ዚነት እጆቿን እንደዘረጋች ማልቀስ ጀመረች። እንባዋን የምትጠርግበት እጅ ስላልነበራት እኔ በነጠላዬ ጠረግሁላት።