ቅርንፉድ በእንጆሪ ሳጥን

አጎቴ «እመት ሻጋታ» ነው የሚለኝ። ሌላው ሰው ሻጋታ ሲያይ ያጥባል፤ እኔ ግን ላቦራቶሪ ውስጥ እየመገብኩ አሳድገዋለሁ፣ ለዚያውም ስንት ዓመት ተምሬ። «እኛ ቤት እኮ ሳትማሪም ይበቅል ነበር» ይለኛል። መሳቁን ይሳቅ፤ ዘንድሮ ሻጋታው የእሱኑ እንጆሪ ያዘ።

እንጆሪውን የተከለችው ሟች ሚስቱ ናት፤ እኔንም ያሳደገችኝ እሷው ናት። ሲለቀም ደህና የነበረው ፍሬ ሳጥን ውስጥ ሦስት ቀን ሳይሞላው ግራጫ ጸጉር ያበቅላል። ባለሱቁ ሁለት ጊዜ መልሶታል። አጎቴን ኬሚካል ርጭ ብንለው፣ ወይ ፍንክች!

«እሷ ያልረጨችውን አልረጭም። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ መላ ካላመጣሽ ነቅዬው እገላገላለሁ።»

የሚገላገል መስሎታል። እኔ ግን እሷን ሁለተኛ ጊዜ ልንቀብራት መሰለኝ።

ሐሳቡን ያገኘሁት ከራሱ ጉንጭ ነው። አጎቴ የጥርስ ሐኪም ስለሚፈራ ዓመቱን ሙሉ አንዲት ቅርንፉድ ጉንጩ ውስጥ ወትፎ ይውላል። የቅርንፉድ ዘይት ሻጋታን እንደሚያዳክም ደግሞ ተምሬአለሁ። ከእንጆሪው ላይ ሻጋታ ፍቄ ሃያ ትንንሽ ሳህኖች ላይ ዘራሁ፤ አሥሩ ላይ ዘይቱን ጠብ አደረግሁ፣ አሥሩን ለማነጻጸሪያ እንዲሁ ተውኳቸው። እነዚህኞቹ የግድ መሻገት አለባቸው፤ አለዚያ ዘይቱ መሥራቱ በምን ይታወቃል?

በሦስተኛው ቀን ሳጥናቸውን ከፈትኩ። ዘይት የነካው ንጹሕ ነው። ዘይት ያልነካውም ንጹሕ!

የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች።

«ሻጋታውን ሞቶ ነው እንዴ የዘራሽው?»

«ኧረ ዶክተር፣ ስዘራው በሕይወት ነበር!»

«እንግዲያው ሃያውንም ጣይና እንደገና ጀምሪ።»

ቅስሜ ተሰብሮ ሳጥኑን ሳነሣ ጠረኑ አፍንጫዬን መታኝ፤ አጎቴ ሲያዛጋ የሚመጣው ጠረን። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ልጅ ሆኜ አብረን እንጆሪ ስናሽግ ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፦ «ክፍት ቦታ ያለው ሳጥን የሰነፍ ሳጥን ነው።» ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካገኘ ጆሮዬን ይቆነጥጠኝ ነበር። ይኸው ዛሬም ሁለት ሳጥን ተሰጥቶኝ፣ ሃያውንም ሳህን አንዱ ውስጥ ጠቅጥቄ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌዋለሁ! የዘይቱ ጠረን ከአሥሩ ተነሥቶ አሥሩን ጎረቤት ፈጅቷል። ሳይነካቸው።

ዶክተር ግን አላመነችኝም፤ ሁለቱን በየሳጥናቸው ለይቼ እንድደግመው አዘዘች። በሦስተኛው ቀን ዘይት የሌለባቸው ሳህኖች ጢም አወጡ፣ ዘይት ያለባቸው እንደጸዱ ቀሩ። ከደስታዬ ብዛት ሻጋታውን ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ሰኞ አጎቴ ዘንድ ሄጄ አዲስ የተለቀመ እንጆሪ በሁለት ሳጥን አሸግን። የአንዱ ክዳን ውስጥ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ለጠፍኩ።

«ለእንጆሪም ጥርስ አበቀልሽለት?» አለኝና እንደ ልማዱ ጣቱን ሳጥኑ ዙሪያ አዞረ። ክፍተት አላገኘም።

ቅዳሜ ጠዋት ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ጠበቀኝ። ጨርቅ የሌለበትን ሳጥን ከፈትን፤ ጸጉር በጸጉር ሆኗል። ሁለተኛውን ከፈትኩ። ፍሬው ሁሉ ቀይ ነው፤ ልክ ሰኞ እንደለቀምነው። አጎቴ አንዷን አንሥቶ ገመጠ። ፊቱ ጭምድድ አለ።

«ምነው ጋሼ?»

«እንጆሪ በላሁ ስል የጥርስ ሐኪም ቤት በላሁ!»

ለካ መቅመስ የሚባል ነገር አለ! ሻጋታ ስመግብ ኖሬ የሰው ምላስ ከነጭራሹ ትዝ አላለኝም። ዓይኔን ከዶማው ላይ መንቀል አቃተኝ።

አጎቴ ግን የያዘውን አኝኮ ዋጠ። ሁለተኛ አነሣ። እሱንም እየተኮማተረ ዋጠው።

«እሷም የተከለች ጊዜ» አለ፣ «የመጀመሪያው ዓመት ፍሬ ሆምጣጣ ነበር። ሳልነግራት በላሁላት። ለአንቺ ግን እነግርሻለሁ፤ አይጣል ነው! ዘይቱን በግማሽ ቀንሺው።»

ዶማውን ከትከሻው አውርዶ አቀበለኝ።

«ቦታው መልሺው። ስትመለሺ ሳጥን ይዘሽ ነይ፤ የሚለቀም አለ።»