ጭሱን ያላየው ማጣሪያ

የፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ አቶ አግማስ ጠዋት ቢሮዬ ገብተው፣ «ሳሚያ፣ ይሄ ነገርሽ ዛሬ ካልሠራ ወደ ፕሪንተር ጥገናሽ ትመለሻለሽ» አሉኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ ፕሪንተር ሁሉ የሚጠላኝ ይመስለኛል፤ እኔም እጠላዋለሁ።

«ይሄ ነገርሽ» ያሉት እኔ የጻፍኩትን ሶፍትዌር ነው። በክር ፋብሪካው ከየማሽኑ የሚመጣውን መልእክት ያጣራል፤ የማይረባውን ይጥላል፣ ችግሩን በቀይ ያሳያል። የምኮራበት ግን በሌላ ነው፦ የሶፍትዌሩ ዋና አካል ሳይነካ የማጣሪያ ደንቡን ብቻ ቀይሮ ለዱቄት ፋብሪካም ለባንክም ማዋል ይቻላል። ይህን ሳስረዳቸው አቶ አግማስ ያዛጋሉ።

አሮጌዎቹ ማሽኖች ራሳቸው መልእክት ስለማይልኩ ሠራተኞቹ በስልክ ይጽፉላቸዋል። እኔም «ሰላም ነው» ወይም «ደህና ነው» የሚል ካለበት ይጣል ብዬ ደንብ አወጣሁ። ብልጥ መሆኔ ነው!

አቶ አግማስ ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። አንድም ቀይ የለም። «ጎበዝ!» ብለው ሳይጨርሱ ጭስ በመስኮት ገባ።

ሮጥኩ። የማሽኑ ኃላፊ ጋሽ ዘካሪያ ሞተሩን አጥፍተው ላባቸውን ይጠርጋሉ።

«ምነው ሳይጽፉልኝ! ወደ ፕሪንተር ጥገና ልመለስ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

ስልካቸውን አሳዩኝ፦ «አሰላሙ አለይኩም። አልሀምዱሊላህ፣ ሁሉ ሰላም ነው። ሞተሩ ግን እየጨሰ ነው።»

«ጭሱን አያስቀድሙም?»

«ወላሂ ልጄ፣ ጌታዬን ሳላመሰግን ጭስ ጭስ ልበል?»

እኔም የደሴ፣ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ እናቴ ጥርሷን ሲያማትም የምትጀምረው «አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ብላ ነው። በራሴ ተናደድኩ። ተመልሼ ደንቡን ብቻ ቀየርኩ፦ «ግን» ያለበት ሁሉ ቀይ ይሁን። አካሉን አልነካሁም።

አቶ አግማስ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ስክሪኑ በአንዴ ቀላ። «ሁሉ ሰላም ነው፤ ሻዩ ግን ቀዝቅዟል።» «ደህና ነን፤ አዲሱ ዘበኛ ግን ይቆጣል።» በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

ቀጥሎ የጋሽ ዘካሪያ መጣ፦ «አልሀምዱሊላህ፣ ሞተሩም ሰላም ሆኗል። ልጅቷን ግን ወደ ፕሪንተር እንዳትመልሷት፤ ሮጣ የደረሰችልን እሷ ብቻ ናት።»

አቶ አግማስ ደጋግመው አነበቡት። «ቀይ ሲመጣ ምንድን ነው የሚደረገው?»

«ኃላፊው አፋጣኝ እርምጃ ይወስዳል» አልኩ፤ እንባዬ ሊመጣ ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ ለጥገና የተቀመጠውን የተበላሸ ፕሪንተር አንስተው፣ ራሳቸው ተሸክመው ወጡ።