የበቀለው የቦዬ መደገፊያ

ዛሬም የተቆረጠ እርጥብ ቅጠል ሲሸተኝ የእናቴ ማሳ ትዝ ይለኛል።

እናቴ አሻኬ አባቴ ሲሞት እኔን ይዛ ኢባዳን አቅራቢያ ወዳለችው መንደር የመጣች ባዳ ነበረች። የመንደሩ ባለመሬት አባባ ኦጉንዲራን መሬት አዋሷት። ሕጉን የማያውቅ የለም። በውሰት መሬት ላይ ቦዬ የሚባለው ሥራሥር፣ በቆሎ፣ ካሳቫ ይተከላል፤ ዛፍ ግን በጭራሽ! ዛሬ ዛፍ የተከለ ሰው፣ ነገ ልጆቹ መጥተው "መሬቱ የኛ ነው" ይላሉ። ስለዚህ ዛፍ የተከለ ባዳ በማግስቱ ጓዙን ይሸከማል።

የተሰጣት መሬት ደግሞ ከድካም ብዛት አቧራ ብቻ ሆኖ የቀረ ነበር። ሌላው ሰው እንዲህ ያለውን አምስት ዓመት ያሳርፈዋል። እሷ ሌላ ምን አላትና ታሳርፈው? የአጥር እንጨት ቆርጣ፣ የቦዬው ሐረግ እንዲወጣበት በመደዳ በመደዳ አቆመች። እንጨቱ እርጥብ ነበር። ዝናቡ ሲመጣ ሁሉም ቅጠል አወጣ።

ልብ ያለው ሰው ወዲያው ይነቅለው ነበር። እናቴ ግን ቅርንጫፉን በገጀራ እየመለመለች፣ ቅጠሉን በመደዳዎቹ መሃል ቦዬው ሥር ታነጥፍ ጀመር። በሦስተኛው ዓመት ቅጠሉ በስብሶ አፈሩ ጠቆረ፤ ቦዬው የሰው ጭን አከለ። ያኔ የጎረቤታችን የላሚዲ ዓይን ቀላ። ሄዶም ነገረ፦

"አባባ፣ ያቺ ባዳ መሬትዎ ላይ ደን አብቅላለች።"

አባባ ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ጋር መጡ። መንደሩም ተከትሎ መጣ፤ የሰው ውርደት በነጻ የሚታይ ነገር ነው። እኔ ሞሮንኬ ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ።

"የሞሮንኬ እናት፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"የቦዬ መደገፊያ ነው፣ አባባ።"

"መደገፊያ ቅጠል ያወጣል?"

"እኔ ያቆምኩት እንጨት ነው። ያበቀለው የእርስዎ መሬት ነው።"

ሰው ሳቀ። አባባ አልሳቁም። "ቦዬሽን ቆፍረሽ ከመሬቴ ውጪልኝ!"

ሌላ መሄጃ አልነበረንም። እናቴ አፈሩ ላይ ተንበረከከች።

"አባባ፣ የእርስዎ መሬት ያበቀለው የእርስዎ ነው። ይኸው፣ ሰው ሁሉ ይስማ! ከነዚህ ዛፎች አንዷም የኔ አይደለችም። የልጄም አይደለችም። እኔ የምመለምልልዎ ሠራተኛ ነኝ።"

አባባ ጢማቸውን እየዳበሱ ዛፎቹን አንድ በአንድ አዩ። ፊታቸው ፈታ አለ።

"ላሚዲ፣ ሰምተሃል? ዛፎቼን እንዳትነካብኝ!" ብለው ተመለሱ።

ወደ ቤት ስንሄድ በንዴት አለቀስኩ። "ሦስት ዓመት ለፍተሽ ዛፍሽን ሰጠሻቸው! በኔም ስም ካድሽ!"

እናቴ ዞር ብላ ሰው አለመኖሩን አየች።

"አንቺ ቂል! ግንዱን ነው የሰጠኋቸው። ቅጠሉን ማን ጠየቀኝ?"

መንገድ መሃል ቆማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሃያ ሁለት ዓመት ያንን ማሳ አረሰች፤ አንድም ቀን "ዛፌ" ሳትል ሞተች። እኔ ዛሬ የራሴ መሬት አለኝ፤ ያሻኝን ዛፍ እተክላለሁ። እንደዚያ የሚስቅልኝ ሰው ግን የለኝም።